የቀትር ጨለማ

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። አደይ አበባ ሜዳውን የሸፈነበት ሰሞን ይመስለኛል፤ ባለቤቴ ደግሞ «የለም፣ ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ነበር» ትላለች። እሷ ካለች የሷን ያዙ። እኔ የማስታውሰው ከፍኖተ ሰላም ቡሬ መንገዱ ደህና እንደነበረና ሚኒባሱ እንደ ልብ ይመላለስ እንደነበር ነው። የቀረው ሁሉ ግን ከፊቴ አልጠፋም፤ ይኸው አሁን እንኳ ስጽፈው እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይሮጣል።

እኔ ዕድሜዬን በአናጢነት የፈጀሁ ሰው ነኝ። ሥራዬ በርና መስኮት ነበር። ጅጋ ላይ፣ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር፣ አንዳንዴም ወደ ደጋው ወጥቼ እስከ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ የእጄ በሮች አሉ። ትምህርቴ ከመሠረተ ትምህርት አላለፈም፤ ማንበብና መጻፍ ቻልኩ፣ በዚያው ቆመ። መጋዙ ትከሻዬን ሲያስቸግረኝ ልጆቼ «አባዬ፣ በቃ አሁን ይረፉ» አሉኝ። ዐረፍኩ። ማረፍ ግን ለካ የራሱ ሥራ አለው። ቤት ውዬ ድስት እየከፈትኩ ሳይ ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ወጥ አናጢ አይፈልግም፣ ወዲያ ሂድልኝ» እያለች ስታባርረኝ፣ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት መሄድ ጀመርኩ።

ልብ ወለድን ያገኘሁት እዚያ ነው። ንባቤ አዝጋሚ ነው፤ አንዱን ገጽ ሁለቴ ካልተመላለስኩበት አይገባኝም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማነበው ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ጨለማ ቤት ገብቶ ክብሪት ሲጭር ፀጉሬ ቆመ። ደንግጬ ቀና ስል ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሸንኮራ ይሸጣል፣ ባጃጅ ያናፋል። እኔ ግን ወረቀቱ ላይ እንደተደፋሁ ጨለማ ውስጥ ነበርኩ። ይኼ ነገር በጣም ገረመኝ። ወረቀት ነጭ ነው፣ ቀለሙ ጥቂት ነው፤ በቀን ብርሃን ሰውን እንዴት ያጨልምበታል? ዕድሜ ልኬን በርና መስኮት ስሠራ ብርሃንን የማውቃት መስሎኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማነበውን ሁሉ ጸሐፊው መብራቱን የት እንዳስቀመጠው እየፈለግኩ ማንበብ ጀመርኩ። ቆይቶም እኔው ራሴ እርሳስ አነሳሁ።

በቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰብ የንባብ ክበብ አለ። የምትመራው እዚያው የምትሠራ፣ ከወሎ በኩል የመጣች ረጋ ያለች ወጣት ናት። መምህራንና ተማሪዎች ይበዙበታል። ቡሬ ላይ የንባብ ቀን ሊደረግ ነውና ከየከተማው የሚያነቡ ሰዎች ይመጣሉ ሲባል፣ እሷ «ከኛም አንድ ትልቅ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል፤ አባባ፣ እርስዎ ያንብቡ» አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። ለዕድርተኛው ሁሉ ነገርኩ። ጸጉር ቆራጬ ሳይቀር ያውቃል። አስቀድሜ ለክበቡ እንዳሰማና እነሱ አስተያየት እንዲሰጡበት ተስማማን።

ታሪኬ ከእናቱ ተጣልቶ፣ ሳይሰናበታት ከቤት የወጣ ልጅ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለስ የሚያሳይ ነው። የሚመለሰው በትንሣኤ ሌሊት ነው። ለማሳዘን ብዬ ሁሉን ነገር አጨለምኩት። ጨለማው ድቅድቅ ነው፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ ቤቱ ጨለማ ነው፣ የልጁ ልብም ጨልሟል። ጅብ ጮኸ። ውሻ አላዘነ። ሳነበው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እያንቀጠቀጥኩ ነው።

ገና ጅቡ ሳይጮህ አንዱ ተማሪ ስልኩን አወጣ። አንዷ አዛጋች፤ ለአክብሮት ብላ አፏን በደብተሯ ከለለች። ጨርሼ ተቀመጥኩ። በልጅነቱ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማረ አንድ መምህር እጁን አወጣ።

«አያ፣ ቅር ካላለዎት አንዲት ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቅ፣ ልጄ።»

«በትንሣኤ ሌሊት ጨረቃዋ የት ሄዳ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ገባኝና ሳቅኩ። ትንሣኤ መቼም ጨረቃ ከሞላች በኋላ ነው የሚውለው። በሕይወቴ ሙሉ በዚያ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤቴ የተመለስኩት በጨረቃ ነው። ጠጠሩን እየቆጠርኩ በምሄድበት ሌሊት የታሪኬን ልጅ በዳበሳ አስኬድኩት።

«ደመና ጋርዷት ይሆናላ» አለ ባለስልኩ ተማሪ።

«እንግዲያው ደመናውን ይጨምሩበት» አለ መምህሩ።

ወጣቷ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀች። «የጨረቃዋ ነገር ቀላል ነው» አለች። «እኔን የቸገረኝ አባባ፣ ምንም አላየሁም። ልጁን ላዝንለት ፈልጌ ነበር፣ ግን በምን ልየው? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጨለማ ሲሆንብኝ ጨለማ መሆኑንም ረሳሁት። ጊዜ አለን። ያሻሽሉትና እንየው። ካልሆነም አይጨነቁ፣ የሚያነብ አናጣም።»

በትህትና ነው ያለችው። ትህትናዋ ነው ይበልጥ ያስጨነቀኝ።

ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ማዳመጥ ግን እንደሷ የሚችል ሰው አላየሁም፤ እጇ ሥራ ይዞ ጆሮዋ ሌላ ቦታ ይውላል። «እንግዲህ መብራት አስገባበታ» አለችኝ። ነገሩ ቀላል መሰለኝ። ለጥቂት ቀናት ቁጭ ብዬ መብራት አስገባሁ። ጨረቃዋን አወጣኋት። እናትየዋ ኩራዝ አበራች። ጎረቤት ፋኖስ ይዞ መጣ። ልጁ ባትሪ ያዘ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱትን ሁሉ ጧፍ አስያዝኳቸው። አንድ ቦታ ላይ መብረቅም ጨመርኩ።

ምሽቱ ሲይዝ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ባለቤቴ ሰፌዷን ታቅፋ ምስር ስትለቅም አነበብኩላት። እጆቿን አያለሁ። ጠጠር ታወጣለች፣ ምስሩን ገፋ ታደርጋለች፣ ጠጠር ታወጣለች። አንዴም አላቆመችም።

ስጨርስ «አንተ ሰው» አለች፣ ዓይኗን ከሰፌዱ ሳታነሳ፣ «ለዚህ ታሪክህ ቆጣሪ አስገብተሃል?»

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። ሠርግ ቤት እኮ አደረግኸው። ሰው ሁሉ መብራት ይዞ እየዞረ ልጁ በዚያ መሀል እንዴት ያለቅሳል? ያፍራል።»

ያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ። ቀስ ብዬ ነው የምናደደው፤ ያን ለት ግን እርሳሱን ከሰፌዷ ጎን አስቀመጥኩትና «እንግዲያው ይኼ የኔ ሥራ አይደለም። ለልጅቷ ሌላ ሰው ፈልጊ እላታለሁ። ከእንግዲህም አልጽፍም» አልኳት። ከልቤ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ መጋዝ በማልይዝበት ጊዜ ያገኘኋት አንዲት ደስታ ነበረች፤ እሷን ማጣት እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም።

ባለቤቴ ምስሯን ለቀመች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ጠጋ ስል ለካ ትስቃለች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጎታው ትዝ ብሎኝ።»

ጎታው ለኛ ቤት የቆየ ሳቅ ነው፤ እናንተ ግን አታውቁትምና ልንገራችሁ። በጉብዝናዬ አባቷ በር እንድሠራላቸው አስጠሩኝ። ቤቱ የዱሮ ሣር ቤት ነው፤ መስኮት አያውቅም፣ ብርሃን የሚገባበት በሩ ብቻ ነው። እኔ የቀትር ፀሐይ ሲፋጅ ነው የደረስኩት። ደፉን ስሻገር ዓይኔ ጠፋ። እንዲህ ባለ ቤት ወጉ ትንሽ ቆም ብሎ ዓይን እስኪለምድ መጠበቅ ነው፤ እኔ ግን ለሰው ቤት ሰላምታ ላለመዘግየት ቸኮልኩ። ከግድግዳው ሥር ጋቢ የለበሱ ወፍራም ሽማግሌ የተቀመጡ መሰለኝ። ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ዝቅ ብዬ እጅ ነሳሁ። «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ጤናዎ ደህና ነው? ከብቱ፣ አዝመራው ደህና ነው?» አልኩ። መልስ የለም። ተቆጥተው ይሆናል ብዬ እንደገና ጎንበስ አልኩ። እጅ የነሳሁት ለጎታው ነበር፤ እህል የሚቀመጥበት ትልቁ የጭቃ ጎታ፣ ጋቢ ተጥሎበታል። የባለቤቴ አያት ከበስተኋላዬ ከመደቡ ላይ ሆነው ሁሉን ያያሉ። «ጎታው እግዜር ይመስገን ደህና ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ከቻልክ እኛንም ጠይቀን።»

ጓዳ ውስጥ የፈነዳው ሳቅ የሷ ነበር። ባለቤቴን መጀመሪያ ያወቅኳት በሳቋ ነው።

«ትዝ ይልሃል?» አለችኝ። «እኛ ሁሉን እናይሃለን። ባርኔጣህን ይዘህ፣ ጎንበስ ቀና ስትል። አንተ ግን አንዳችንንም አታየንም። እኔ እኮ ስስቅ ቆይቼ ኋላ አሳዘንከኝ። እንደዚያ አክብረህ የቆምክለት ሰው ከፊትህ የለም።»

ከዚያ አንዲት ነገር ጨመረች። «ያ ልጅህ በሌሊት ለምን ይመጣል? በቀን አምጣው። እናቱ ትየው፣ እሱ አይያት።»

ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እመኑኝ፣ ጉልበቴ እንዲያ ፈጥኖ ከተነሳ ዓመታት አልፈውት ነበር። ቤቱ ውስጥ ወዲህ ወዲያ አልኩ። እራቴን አልበላሁም ማለት ይቻላል። «ነገ እህትሽ ቤት እንሂድ» አልኳት። እህቷ ወደ ገጠር ወጣ ብሎ ቆርቆሮ ያልነካው ቤት ውስጥ ነው የምትኖር፤ አሮጌ ሣር ቤት፣ ያለ መስኮት። መስኮት እናውጣልሽ ብንላት «ብርዱ በየት ይግባ ብላችሁ ነው» ብላ እምቢ ያለች ሴት ናት።

በማግስቱ ሄድን። ሆን ብዬ ቀትር እስኪሆን ከደጅ ግራሩ ሥር ቆየሁ። እነሱ ቀድመው ገቡ። ከዚያ ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። በእውነት ምንም የለም። እጄን ወደ ውስጥ ብዘረጋ የምቆርጠው የሚመስል ጥቁር ነገር ብቻ ነው። ከኋላዬ ግቢው ያብረቀርቃል፤ የተሰጣው በርበሬ ቅላቱ ዓይን ይወጋል፣ ዶሮዋ ላባዋ ያበራል። አንድ እግሬ እዚያ፣ አንድ እግሬ እዚህ።

«የት ናችሁ?» አልኩ።

«ፈልገን» አለች ባለቤቴ። ድምፁ ከየት እንደመጣ አላወቅኩም።

«ምን ይታያችኋል?»

«ጆሮህ» አለች እህቷ። «ጆሮህና ባርኔጣህ። ፊት የለህም፣ ጥላ ነህ። ግባ እንጂ ወንድሜ፣ በሩን ዘጋኸው እኮ። ወይስ ቤቱን ልትገዛው ነው?»

«ትንሽ ቆዪ፣ እያየሁ ነው።»

«ምንም አላየህም። እኛ ነን የምናይ።»

እዚያው ደፉ ላይ ቆሜ አንድ የዱሮ ነገር ገባኝ። በየገጠሩ መስኮት ሳወጣ፣ ግድግዳው ተነድሎ ፀሐዩ ሲገባ፣ የቤቱ እመቤት መጀመሪያ የምትናገረው ሁልጊዜ አንድ ነበር። ብርሃኑን አታመሰግንም። «ውይ፣ ጓዳው እንዲህ ጨለማ ነው እንዴ?» ትላለች። «ግድግዳው እንዲህ ጠቁሯል?» ትላለች። መስኮቱ ሳይወጣ ጓዳው ጨለማ ነው ያለ ማንም አልነበረም፤ በዚያው ኖረውበት ለምደውታል። ጨለማውን ያሳየቻቸው ያቺ የገባችው ትንሽ ብርሃን ናት። ይኸው ነው ነገሩ። ያቺ ወጣት ጨለማ መሆኑንም ረሳሁት ያለችኝ ይኼንኑ ነው። እኔ ግድግዳውን ሳልነድል ጓዳውን ላሳይ ስደክም ነበር። ቀጥዬ ደግሞ ግድግዳውን በሙሉ አፈረስኩት። የሚያስፈልገኝ አንድ በር ነበር፤ በሩን መቼም አውቅበታለሁ።

እህቷ እጅ እስክታስታጥበኝ አልጠበቅኩም። እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ ወረቀቱን ወደ በሩ አዙሬ ጻፍኩ። «ይኼ ሰውዬ ታሟል?» ስትል እሰማለሁ። «ተይው» አለቻት ባለቤቴ፣ «በር እየሠራ ነው።»

አዲሱን ሳነብላት እንደገና ምስር ይዛለች። ልጁ ደፉን ሲሻገር እጇ ዘገየ። ለጎታው ሲናገር ጣቶቿ ሰፌዱ ላይ ቆሙ። እስክጨርስ አንዲት ፍሬ አላነሳችም። ከዚያ «ጨው የለንም፣ ሱቅ ሂድ» አለችኝ። ይኼ የሷ ምስጋና ነው፤ ሲነካት ታባርረኛለች።

ክበቡ ሰማውና ለቡሬ ይሁን አለ። እኔ ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ቡሬ የማያውቀኝ ሕዝብ ነው።

ከባለቤቴ ጋር የቡሬው አዳራሽ ስደርስ ደግሞ ልቤ ወረደ። ግራና ቀኙ መስኮት ነው፣ መጋረጃ የለውም። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተንጣሏል፣ የሰዉ ፊት ሁሉ እንደ ጥርስ ያበራል። ከኔ በፊት ያነበቡት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ ይጨበጨብላቸዋል። እዚህ ውስጥ እንዴት አድርጌ አጨልማለሁ እያልኩ ተነሳሁ። መነጽሬን አጠለቅኩ። እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፤

«ልጁ ከደጅ ሲደርስ ፀሐይዋ አናቱ ላይ ነበረች። በርበሬው ተሰጥቷል። የእናቱ ዶሮ ከጥላ ጥላ ትሮጣለች። በልጅነቱ የወጣበት ግራር ቅጠሉ ሁሉ ያበራል። ሁሉን አወቀው። ከዚያ በሩን አለፈና ዓለም ጠፋችበት።»

እዚህ ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ቀና አልኩ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ አንድ ሰው፣ ያ ሁሉ ፀሐይ ፊቱ ላይ እያለ፣ ዓይኑን አጥብቦ አንገቱን ወደፊት አስግጓል። ጨለማ ውስጥ ሰው እንደሚፈልግ።

ቀጠልኩ። ልጁ ከግድግዳው ሥር እናቱ ጋቢ ለብሳ የተቀመጠች መሰለውና ለጎታው እጅ ነሳ። ሰው ሳቀ። ልጁ አሁንም ጎንበስ አለ፤ ሳቁ ጨመረ። «እማዬ፣ መልሽልኝ» አለው ጎታውን። አንዳንዱ ገና ይስቃል። «ፊትሽን ባየው ኖሮ መናገር አልችልም ነበር፤ እንኳን ጨለመብኝ» አለ። ከዚያም በተጣሉ ለት የተናገራትን ክፉ ቃል አንድ በአንድ እያነሳ ይቅርታ ጠየቀ። ሳቁ መቼ እንደቆመ ማንም ያወቀ አይመስለኝም። እናቱ ከበስተኋላው መደቡ ላይ ናት። በበሩ ብርሃን ላይ የልጇ ጥላ ሲጎነበስ ታያለች። ትከሻው ሲሰፋ ያላየችው ልጅ ነው። «እዚህ ነኝ» አትልም። ከጠራችው ዝም ይላል ብላ ፈርታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታዳምጣለች። ልጁ ጨርሶ ሲዞር ዓይኑ መልመድ ጀምሯል። መጀመሪያ የነጠላዋ ንጣት ታየው። ቀጥሎ እጇ። ፊቷ የመጣው በመጨረሻ ነው።

እዚያ ላይ ይቆማል። እኔም ቆምኩ።

ከውጭ የሚኒባስ ረዳት «ፍኖተ ሰላም፣ ፍኖተ ሰላም» ሲል ይሰማል። ከዚያ ተጨበጨበ፤ ጎንደሬ ይሁን የቡሬ ሰው እንጃ፣ አንድ በዕድሜ የሚጠጋኝ ሰው ተነስቶ ትከሻዬን ሳመኝ። እኔ እንደ ሙሽራ ላብ አጠመቀኝ፤ ደስታው ከእግሬ ጫፍ ተነስቶ ሲወጣ ይሰማኛል። አንዲት ተማሪ መጥታ «አባባ፣ በዚህ ሁሉ ብርሃን ውስጥ ተቀምጬ እንዴት ጨለመብኝ?» አለችኝ። እኔ እኮ ይኼንኑ ጥያቄ ይዤ ነው ቤተ መጻሕፍት የዋልኩት። ቁጭ ብዬ ስለ በርበሬውና ስለ ዶሮዋ ነገርኳት፤ መጀመሪያ ጥሩ አድርገሽ አብሪው፣ ከዚያ አንድ እርምጃ አስገቢው አልኳት። እየሰማች ትጽፋለች። ሚኒባሱ ሊያመልጠን ደረሰ።

ያቺ የክበባችን መሪ ወደ መኪናው ስንሄድ ወረቀቴን ይዛልኝ ነበር። «አባባ፣ ቀጣዩን መቼ ያመጡልናል?» አለችኝ።

«ጀምሬዋለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው፣ መንገድ ላይ ስንመጣ ጀምሬዋለሁ።

«ይኼን ግን እንዴት አገኙት? ያን ለት ሲሄዱ ተስፋ የቆረጡ መስለውኝ ፈርቼ ነበር።»

ቆርጬም ነበር። እርሳሱን አስቀምጬ ከነበረበት ያነሳኝ መጽሐፍ አይደለም፣ ክበብም አይደለም። ከፊታችን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ለልጅ ልጆቿ የገዛችውን ሸንኮራ ተሸክማ፣ ቦታ ልትይዝልኝ ቀድማ ወደ ሚኒባሱ የምትሄደውን ሴት አሳየኋት፤ ባለቤቴን፣ የልጆቼን እናት።